ይድረስ ለምደባ ክፍሉ፦ ዝናቡ እናንተን አይጠብቅም

ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ሰነበታችሁ?

የድርጅታችሁን ስም አልጠራም። ስም ማጥፋት አልፈልግም፤ ደግሞም ራሳችሁን ታውቃላችሁ። አሠልጥናችሁ "ምደባ እስኪወጣ ጠብቁ" ያላችኋቸውን ሰዎችም ታውቃላችሁ። እኔ ከእነሱ አንዷ ነኝ። ኢሜይል በጻፍኩ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ "ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በሂደት ላይ ነው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።" ሰው ይጻፈው ማሽን ይጻፈው እንጃ። እስቲ ደግሞ አደባባይ ላይ ልሞክረው አልኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሙያዬ የተፈጥሮ ሀብት ነው። ወሎ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ቆይቻለሁ። እርከን ማሠራት፣ ክትር ማሠራት፣ ችግኝ ጣቢያ መከታተል፣ ከንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ ላይ ከብት እንዳይገባ መለመን፣ ከገበሬ ጋር መጨቃጨቅ፣ ከዚያው ገበሬ ጋር ቡና መጠጣት። ሥራዬ ይሄ ነበር። በአካባቢ ጥበቃ ዘርፍ ሌላ የአፍሪካ አገር ሄደው ለአንድ ዓመት የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። አመለከትኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ሠለጠንኩ። ሰርተፍኬቱን ስቀበል ክረምት ነበር። አሁን ሌላ ክረምት እየወጣ ነው፤ እኔ ግን የትኛው አገር፣ መቼ እንደምሄድ አላውቅም።

ሥልጠናውን ግን ላመስግን፤ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ከብዙ አገር የተሰባሰብን ልጆች ነበርን፤ ከማላዊ፣ ከካሜሩን፣ ከኬንያ፣ ከቶጎ። ጠዋት ፈረንሳይኛ፣ ከሰዓት በኋላ አፈር። እኛ መሥሪያ ቤት ሥልጠና ሲባል አዳራሽ ተቀምጦ ፓወርፖይንት እያዩ ማንቀላፋትና አበል ፈርሞ መውጣት ነው። ይሄኛው እጅ የሚያቆሽሽ ነበር።

አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አሠልጣኛችን ሦስት እንጨት፣ አንድ ሲባጎና አንድ ድንጋይ ይዞ መጣ። ሁለቱን ረጃጅም እንጨቶች ጫፋቸው ላይ አሠረን፤ ሦስተኛውን ወገባቸው ላይ አጋደምነው። ከላይ ሲባጎ አወረድንና ድንጋዩን አንጠለጠልን። መሬት ላይ አቆምነው፤ ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ቦታ በከሰል ምልክት አደረግን። እግሮቹን ቦታ አቀያየርናቸውና ሌላ ምልክት። የሁለቱ ምልክቶች መሐል ልኩ ነው። ሲባጎው እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። በዚህ እየተራመድን ተዳፋቱን ዞረን የእርከን መስመር አወጣን፤ ያን ቀን ማታ ዝናብ ጥሎ ጠዋት ሄደን ስናይ ውኃው በመስመሩ ልክ ቆሟል። እኔ ወረዳ ላይ የምሠራው በገመድ ውኃ ልክ ነበር። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ሲሰበር ከላይ እስኪተካ ሥራ ይቆማል። ሦስቱ እንጨት ቢሰበር አጥር ጥግ ሄዶ ሌላ መቁረጥ ነው። ለዚህ ብቻ ስል እንኳን ሄድኩ እላለሁ።

ስለ ሳህልም፣ ከሰሃራ በረሃ በታች ስላለው ደረቅ የአፍሪካ ቀበቶ ማለቴ ነው፣ በደንብ አስተምራችሁናል። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ያትንጋ በሚባል አካባቢ ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ድርቅ አገሩን ሲያራቁት እሳቸው ደረቅ የተጋገረ መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፍሩ ጀመር። ጉድጓዶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ስፋታቸው ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው ከ10 እስከ 20። ውስጡ ፍግ ይደረጋል። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡ መሬቱን ይቦረቡራል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በዚያ በኩል ወደ ታች ይሰርጋል። ዛይ ይሉታል፤ ኒጀር ውስጥ ታሳ ይባላል። ጎረቤቶቻቸው መጀመሪያ አብደዋል አሏቸው። በኋላ ማሽላው በቀለ፣ ከማሽላው ጋር ዛፉም በቀለ፣ ባዶ የነበረው መሬት ጫካ ሆነ። እኤአ 2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ፤ በ2023 መጨረሻ ዐረፉ።

በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት ካገኙት አንዱ ቶኒ ሪናውዶ ነው፤ አውስትራሊያዊ። ኒጀር ማራዲ ውስጥ ችግኝ ሲተክል ኖሮ ችግኙ አልጸድቅ ብሎት ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ ማሳው ላይ ቁጥቋጦ መስሎ የሚታየው ነገር የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ እንደሆነ አስተዋለ። ሥሩ አልሞተም። ከሚያቆጠቁጡት መሐል ጠንካራዎቹን መርጦ ሌላውን መመልመል፣ ከብት እንዳይበላው መጠበቅ፤ በቃ። እኤአ ከ1983 ጀምሮ ከገበሬ ገበሬ እየተቀባበለ ኒጀር ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር መሬት በዚህ መንገድ ዛፍ ለበሰ። እኛም አገር ወላይታ ሁምቦ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ያገገመው በዋናነት በዚሁ ዘዴ ነው። እኔ በግሌ ስንት ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ከሚል ዜና ይልቅ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው የሚያስጨንቀኝ፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

አንድ ቀን ከኒጀር የመጣ ፎቶ አሳያችሁን። ማሽላ ማሳ መሐል የቆመ ግዙፍ ዛፍ። እኔ ገና ሳየው ገርቢ ነው አልኩ። ገርቢ ነበር! ያው በሞጆና በቢሾፍቱ ዙሪያ የጤፍ ማሳ ውስጥ የምናየው። በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለሰብሉ ፀሐይ ይለቃል፤ በበጋ ሁሉ ነገር ሲደርቅ እሱ ለምልሞ ከብት ያበላል። የማላዊው ልጅም እኛም ጋ በቆሎ ማሳ ውስጥ ሞልቷል አለ። እዚያች ክፍል ውስጥ ከተለያየ አገር የመጣን ሰዎች በአንድ ዛፍ ስንግባባ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ሆነ እንግሊዝኛ ግድ አልነበረንም። ያን ዕለት ነው ሥራው የምር የገባኝ፤ ሄጄ የማላውቀውን ነገር ላስተምር አይደለም፣ የማውቀውን ዛፍ ከሌላ ገበሬ ጋር ቁጭ ብዬ ላወራ ነው።

እና እንዲህ አጓጉታችሁን ሸኛችሁን። ከዚያ ዝም።

ቅሬታዬ ስለ መዘግየት ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ሥራ ይዘገያል፤ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ መዘግየትን አውቀዋለሁ። የኔ ጥያቄ ስለ ወቅት ነው። ይሄን ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ፤ እንግዲህ መልሼ ላስተምራችሁ ነው፣ ይቅርታ።

በሥልጠናው ወቅት ምደባችሁ ሳህል ነው ተባልን። የሳህል ዝናብ ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አካባቢ ነው፣ አልፎ አልፎም ከዚያ ያጥራል። ዛይ የሚቆፈረው ግን በክረምት አይደለም። በበጋው ነው፤ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ገበሬው እጁ ፈታ ሲል። ችግኝ ጣቢያም እንደዚያው ነው። ለሐምሌ ተከላ የሚደርስ ግራር የካቲት ወይም መጋቢት ላይ መዘራት አለበት። ጉቶ መመልመልም በጋ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ የምትመጣ በጎ ፈቃደኛ ምን ታገኛለች? ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል። ችግኙ አድጓል። ማሳው በማሽላ ተሞልቷል፤ የትኛውም ገበሬ ጉቶ ልቁጠር ብላ ማሽላውን እንድትረግጥበት አይፈቅድም፣ ልክ ነው። የሚቀራት አንድ ሥራ ነው፦ ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሳት። ዓመቱን ቆጥራ ደግሞ በቀጣዩ ሐምሌ ትመለሳለች፤ በበጋው ያዘጋጀችው ሁሉ ጸደቀ አልጸደቀ ሳታይ።

ኅዳር ላይ የገባች ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አዝመራ ተሰብስቦ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ጊዜ ነው። ሰፈሩን ታውቃለች፣ ቋንቋ ትለምዳለች፣ ጥር ላይ ዶማ ይዛ ትወጣለች፣ መጋቢት ላይ ትዘራለች፣ ሐምሌ ላይ ትተክላለች፣ ዝናቡ ሲያበቃ ማሳ ለማሳ ዞራ የጸደቀውን ትቆጥራለች። አንድ ዓመት የሚበቃው እንዲህ ሲሆን ነው። ስለዚህ ለሳህል ትክክለኛው መግቢያ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ነው፤ ትኬቱ ደግሞ አሁን፣ መስከረም ላይ፣ መቆረጥ አለበት። ይህ ካለፈ ዓመቱ አለፈ።

አሁን ደግሞ ከሠልጣኞች ቡድን የምሰማው ወሬ አለ። ቴሌግራም ላይ ነው እንግዲህ፤ እናንተ ስለማትናገሩ ዜናችንን የምናገኘው እርስ በርስ ነው። ሳህል ቀርቶ ማላዊ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ማላዊ ደስ ይለኛል፤ ችግር የለብኝም። ግን ማላዊ ዝናቡ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ተከላው ታኅሣሥና ጥር ላይ ይሆናል፤ ችግኙ የሚዘራው ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ ነው። እዚያ ኅዳር ላይ የገባ ሰው ሳህል ሐምሌ ላይ ከገባው አይሻልም። ኬንያ ከሆነ ሁለት ዝናብ አለ፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ሁላችንንም ሰብስቦ በአንድ ቀን በአንድ በረራ መበተን ለሰው ኃይል ክፍሉ ይመቻል። ለመሬቱ አይመችም። መምህር ወይም የሒሳብ ባለሙያ ብትልኩ ኖሮ በማንኛውም ወር ይሠራል፤ እኛን ግን የምትልኩን ለዝናብ ሥራ ነው።

የጸጥታውን ጉዳይ አልረሳሁም። ኒጀር ውስጥ እኤአ በሐምሌ 2023 መፈንቅለ መንግሥት ተደርጓል፤ ቡርኪናና ማሊም ከዚያ በፊት። አሜሪካኖቹም እኤአ በ2011 መጀመሪያ በጎ ፈቃደኞቻቸውን ከኒጀር አስወጥተዋል። በ2020 መጋቢት ደግሞ በኮቪድ ምክንያት በመላው ዓለም ያሉትን በሙሉ፣ ከ60 በላይ ከሆኑ አገሮች፣ በአንድ ጊዜ ሰብስበው ወደ ቤታቸው መልሰዋል። እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ አትላኩን፤ እኔም መሞት አልፈልግም፣ እናቴም አትፈልግም። ግን "ጸጥታው አላስተማመነንም፣ ሌላ አገር እየፈለግን ነው፣ እስከዚህ ቀን እናሳውቃችኋለን" ማለት ሁለት መስመር ነው። ያንን ብትጽፉልን ማንም አይቆጣም።

እስቲ ደግሞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ላይታይ ይችላል።

ሽኝቴ ተደርጎ አልቋል። የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው ጋቢ ሸለሙኝ። ሳህል ለምትሄድ ሰው ጋቢ! (ለነገሩ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ይበርዳል ተብለናል፤ አልስቅባቸውም።) የተመረቅኩት ምርቃት፣ የተሳምኩት መሳም፣ እናቴ የቆላችው ቆሎና ያዘጋጀችው በሶ፣ ሁሉም ያለ ጉዞ ቀረ። በሶው ተበልቷል። አሁን ሰፈር ውስጥ የማገኘው ሰው ሁሉ ሰላምታው "እንዴ፣ አልሄድሽም?" ሆኗል። መጀመሪያ ሰሞን አስረዳ ነበር። አሁን "ለመሄድ ተቃርቤያለሁ" እላለሁና አልፋለሁ። መንገድ ቀይሬ መሄድም ለምጃለሁ፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ሰው ሲበዛ።

አክስቴን ማስረዳት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በጎ ፈቃድ ስላት መጀመሪያ የመጣላት ደም መስጠት ነው፤ ቀጥሎ በክረምት የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ። ውጭ አገር ልሄድ እንደሆነ ስነግራት ፊቷ በራ። ደመወዝ የለውም፣ የኪስ ገንዘብና ማደሪያ ነው ስላት ፊቷ ጠፋ። "ታዲያ በነጻማ ከሆነ እዚሁ ብታገለግዪ ምን አለበት? ለሥራ ከሆነ ደግሞ እንደ እነ እንትና ልጅ ዱባይ አትሄጂም ነበር?" አለችኝ። አልፈርድባትም። በሰፈራችን ውጭ የሄደ ሰው ወይ ይልካል ወይ ይጠፋል፤ ዛፍ ሊቆጥር የሄደ አልታየም። ሌላ አገር መጥቶ በነጻ የሚያገለግል ሰው ሲባል አክስቴ የምታስታውሰው ሰላም ጓድን ነው። እኤአ በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካኖች መምህር ሆነው መጥተው ነበርና በየአውራጃው ያስተማሯቸው ሰዎች ዛሬም ያወሯቸዋል። የራሳችን ልጆችም በ1967 ዓ.ም በእድገት በኅብረት ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወርደዋል፤ ያ ግን ፈቃድ ነበር ወይስ ግዴታ የሚለው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ኢትዮጵያዊት ሴት ልጅ ሳህል ሄዳ ከገበሬ ጋር ዶማ ትይዛለች የሚለው ግን ለአክስቴ አዲስ ነው። ለእናንተም አዲስ መሆን አልነበረበትም፤ እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት ሐሳብ።

ወረቀቱም ያረጃል። ከወንጀል ነፃ የሚለው ማስረጃ የጊዜ ገደብ አለው፤ አሻራ ሰጥቼ ያወጣሁት አልፎበታል። የጤና ምርመራውም እንደዚያው፤ ደግመሽ ተመርመሪ ትሉኛላችሁ፣ ወጪው ከኪሴ ነው። ጊዜው የማያልፍበት የቢጫ ወባ ካርዴ ብቻ ነው፤ እሱ ከእኤአ 2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ነው ተብሏል፤ እግዜር ይስጣቸው። ሥራ ቦታዬ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጥተውኝ ነበር፣ እሱም አብቅቷል፤ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል፣ ልጁም ጎበዝ ነው፣ ልነቅለው አልፈልግም። ሌላ ሥራ ልቀጠር ስሄድ ደግሞ "ልትሄጂ አይደል እንዴ?" ይሉኛል። ውጭ አገርም የለሁ አገሬም የለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ፈረንሳይኛዬም እየጠፋ ነው። ሥልጠና ላይ ገበያ ሄጄ የምከራከርበት ያህል ደርሶ ነበር። አሁን ቀን ቀን በስልኬ ሬዲዮ እሰማለሁ፤ ዜናው ይገባኛል፣ አፌ ግን አይፈታም። የሚያናግረኝ ሰው የለማ።

እሺ፣ ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ በሉኝ። ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ቀን ንገሩን። የጉዞውን ቀን አይደለም፤ የምትወስኑበትን ቀን። "በዚህ ቀን ይለይለታል" ከተባለ ሰው ኑሮውን ያስተካክላል፤ ቤት ይከራያል፣ ሥራ ይይዛል፣ ያገባም ይሆናል (ከሠልጣኞቹ አንዱ ሠርጉን እያስተላለፈ ነው፤ የልጅቷ ቤተሰብ ምን እንደሚለው እሱ ያውቃል)። የማይሆን ከሆነም አይሆንም በሉን። አይሆንም የሚል ደብዳቤ ይከፋል፣ ግን ይበላል፤ ዝምታ አይበላም።

ሁለተኛ፣ ምደባውን በአገሩ ዝናብ ልክ አድርጉት። ሠንጠረዥ መሥራት ከባድ አይደለም። ተቀባይ አገሮቹን ከጎን ጎን አድርጎ ዝናቡ መቼ ይጀምራል፣ ዘር መቼ ይዘራል፣ ሰው መቼ መድረስ አለበት ብሎ መጻፍ ነው። ካስፈለጋችሁ እኔ ከነልጆቹ ሠርተን በነጻ እንልክላችኋለን፤ በጎ ፈቃደኞች አይደለን? የአፍሪካ ኅብረት እኤአ በ2007 ታላቁን አረንጓዴ ግንብ (የተራቆተ መሬት በዛፍ እንዲያገግም የወጣ ዕቅድ ነው) ሲጀምር ከሴኔጋል እስከ ጅቡቲ 8,000 ኪሎ ሜትር ነው ያለው፣ አገራችንም አለችበት፤ እስከ 2030 ደግሞ 100 ሚሊዮን ሄክታር መሬት እንዲያገግም ነው የታሰበው። ለዚያ ሁሉ ሥራ የቀረው የክረምት ብዛት በእጅ ጣት ይቆጠራል። አንድ ክረምት በደብዳቤ መጥፋት የለበትም።

ሦስተኛ፣ የሚጠብቁትን ሰዎች አሠሯቸው። እዚሁ እያለን ከምንሄድበት ሰፈር ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ጋር በስልክ ብታገናኙን ምን ትከስራላችሁ? በሳምንት አንዴ ብናወራ ፈረንሳይኛዬም አይሞትም፣ እሱም የትኛው ዘር እንዳልበቀለለት ይነግረኛል፣ እኔም የኛዎቹን እጠይቅለታለሁ። የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውኃ ነክሮ ማሳደር እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሽማግሌ እኛ ጋ በየቀበሌው አለ። ይሄ እውቀት ቪዛ አይጠይቅም። የተማርነው ሳይዝግ የምንቆይበት ሌላ መንገድ ካላችሁም ደስ ይለኛል፤ ብቻ ሰርተፍኬት ይዞ መቀመጥ ይብቃን።

የወረቀት ወጪውን ነገር አልገፋበትም፤ ቢያንስ አስቡበት።

አሁን የኔን ቀን ልንገራችሁ፣ እናንተ ስላልነገራችሁኝ። እዚህ አካባቢ አንድ የችግኝ ጣቢያ ለመጪው ክረምት የሚሆን ሥራ ጀምሯል። ለደጋ ችግኝ ዘር የሚዘራው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት አፈር ማዘጋጀት፣ ፖት መሙላት፣ ጥላ መሥራት አለ። ኃላፊ ሆነሽ ግቢልን ብለውኛል። ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ግን ኮንትራቱ እስከ ተከላው መጨረሻ ድረስ ነው፤ ከፈረምኩ ችግኝ ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም። መልስ የምሰጣቸው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሳህል ምደባ ደብዳቤ ከላካችሁልኝ በማግስቱ የጤና ምርመራዬን አድሳለሁ። ማላዊ ከሆነ ለሚቀጥለው ሐምሌ በሉኝ፤ ኮንትራቱን እስከ ሰኔ አሳጥሬ ለተተኪ አስረክቤ እመጣለሁ፣ ለእነሱም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ምንም ካልመጣ እፈርማለሁ፤ ለዚህኛው ዙር ስሜን አውጡት። በኋላ "ተመድበሽ ነበር፣ አልተገኘሽም" የሚል ደብዳቤ እንዳይመጣብኝ ነው አስቀድሜ በአደባባይ የምናገረው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሠልጥና የምትጠብቅ

ግልባጭ፦
ለሠልጣኞች የቴሌግራም ቡድን፤ የምትጨምሩት ካለ ጨምሩ፣ ስም ግን አትጥሩ።
ለአክስቴ፤ ዱባይ አልሄድም።
ለሰፈሬ ሰዎች፤ አልሄድኩም፣ አዎ። ስሄድ እነግራችኋለሁ።